የእኔን ዩኒፎርም የለበሰችው ልጅ

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አንድ ሰው ወደ ቤታችን መጣ። አባቴ እዚያ ሲሠራ አብሮት የዋለ ሰው ነው። እናቴን አጽናንቶ፣ የቀረበለትን ጠላ ሳይጨርስ፣ የመጣበትን ነገር ተናገረ። ለሟች ቤተሰብ ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ ዕድሜዋ የደረሰ ልጅ ካለች ክር በሚጠነጠንበት ክፍል ልትቀጠር ትችላለች አለ።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ስለ ነበር አሥረኛ ክፍል ስደርስ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከእኔ በታች ሁለት እኅቶች አሉኝ፤ ሁለቱም ገና አንደኛ ደረጃ ናቸው። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። እኔም ወደ እሷ አላየሁም። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ቆቡን ያሻሻል።

«እሺ፣ እኔ እገባለሁ» አልሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረግሁትን ነገር በሰው ላይ እንዳላላክክ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደብተሮቼን አሥሬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልሁና ፋብሪካ ገባሁ።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነበር፤ ሁለት ክፍልና ከጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል። ጠባቧ ክፍል የእኔ ነበረች። አባቴ ጠረጴዛ አሠርቶ ያስገባልኝ «እንድታጠኚበት» ብሎ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ እናቴ፣ «አንቺ እንደሆን በፈረቃ ነው የምትውዪ፤ ከእኅቶችሽ ጋር ብትተኚና ክፍሏን ለተማሪ ብናከራያት ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። አሁንም እሺ አልሁ። በመስከረም ተከራይዋ መጣች።

አወቅኋት። ከሐይቁ ማዶ፣ ከዘጌ የመጣች የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛንና አሥረኛን ዓባይ ማዶ አጎቷ ቤት ሆና ተምራለች። እኔ ሳቋርጥ እሷ ሌላ ሴክሽን ነበረች። አጎቷ በሥራ ወደ ሌላ አገር ስለ ተዛወሩ ማረፊያ አጥታ ነው ወደ እኛ የመጣችው። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እኔም ብቀጥል የምገባው አሥራ አንደኛ ነበር።

አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨትና ቡና ከሚጭኑ ሰዎች ጋር በታንኳ እየተሻገሩ ስንቅ ያመጡላታል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሎሚ። ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደደቻቸው። ልጅቱን ደግሞ ከዚያም በፊት።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ከጠዋቱ ፈረቃ ስመለስ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትገባ በር ላይ ተገናኘን። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቀሚሱ ወገቡ ላይ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ያን ነጭ ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አጥር ስዘል ተቀድዶብኝ፣ ሰማያዊ ክር አጥቼ።

«እናትሽ ናቸው የሰጡኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ልክክ አለኝ።»

«አምሮብሻል» አልኋት።

ገብቼ እናቴን፣ «ቀሚሴን ምን አደረግሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምስኪን ልጅ፣ የሷ ተበልቶ አልቆ ነበር። አንቺ እንደሆን አትለብሽው።»

እውነቷን ነው፤ አልለብሰውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋት ፈረቃ በደረሰኝ ቁጥር ያቺን ልጅ ከኋላዋ አያታለሁ። እኔ ወደ ፋብሪካ፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ መንገዳችን አንድ ነው። እኔ ሆን ብዬ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ጀርባዋ ላይ ቀሚሴ ይሄዳል። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ዩኒፎርም ከለበሱት ሴቶች ጋር ትቀላቀልና እኔን የመሰለች አንዲት ልጅ ወደ መማሪያ ክፍሌ ትገባለች፤ እኔ ወደ ክር ቤት እዞራለሁ።

ቅናት እንዲህ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። እኔ ቅናት ማለት ሰው ያለውን መመኘት ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቆጥራል። ስትስቅ ይቆጥራል፣ እናቴ «ልጄ» ስትላት ይቆጥራል፣ የክፍሌ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ ይቆጥራል። ስታጠና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እንደ ቆሎ ተማሪ በዜማ ነበር የምታጠናው፤ የባዮሎጂን ነገር ሁሉ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። እኅቶቼ ቁጭ ብለው ያዳምጧታል። ለእኔ እንዲያ ሆነው አዳምጠውኝ አያውቁም።

ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ቀበሌው ማንበብ የማይችሉትን እናቶች በሙሉ መዝግቦ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሰበሰባቸው። አስተማሪዎቹ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የእናቴ ምድብ አስተማሪ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእኛው ተከራይ።

እናቴ አርባ ዓመት አልፏታል። ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ትሄድና እንደ ልጅ ፊቷ በርቶ ትመለሳለች። «ዛሬ ‹መ›ን ጨረስን» ትላለች። «እጄን ይዛ አጻፈችኝ። እንዲያው ትዕግሥቷ! አንድ ቀን እንኳ ቆጣ አላለችኝም።»

«እኔ ላስተምርሽ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄሽ ነበር» አልኋት።

«አንቺ ትቸኩያለሽ።»

ይህን ስትል ምንም ክፋት አልነበረባትም። ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ‹መ›ን እየደጋገመች ነበር። እኔ ግን እጄን ለመታጠብ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ውኃው እየፈሰሰ ብዙ ቆምሁ። ትምህርቴን፣ ክፍሌን፣ ቀሚሴን። አሁን ደግሞ እናቴን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ከክፍሏ ሁለተኛ ነበረች። ከሦስት ወንዶች ጋር ሆነው ለማትሪክ ያጠናሉ፤ ከትምህርት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ከዋርካ ሥር። አንድ እሑድ በዚያ ሳልፍ አየኋቸው። አራቱም አንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተዋል፤ እሷ ትናገራለች፣ ወንዶቹ ይጽፋሉ። ሌላ ነገር አልነበረም። ይህን እኔ በደንብ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ አባቷ እንደ ልማዳቸው ስንቅ ይዘው መጡ። እሷ ለጥናት ወጥታለች፤ እናቴ ገበያ ናት። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ተነሥቼ ወንበር አቀረብሁላቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ እኅቷ ነሽ» አሉኝ። «ትምህርቷ እንዴት ነው?»

«ምነው የኔታ?»

«አንድ ዲያቆን አለ። ከደህና ቤተሰብ ነው፤ ዜማውን ጨርሷል። ሊቀስስ ነውና ከዚያ በፊት ማግባት አለበት። ልጄን ጠይቀውኛል። እኔ ደግሞ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ትምህርቱ የሚያዘልቃት ከሆነ እምቢ እላለሁ። የማያዘልቃት ከሆነ ግን ሁለቱንም ሳታገኝ እንዳትቀር ብዬ ነው። ከተማ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ከክፍሏ ሁለተኛ ናት» ማለት ይበቃ ነበር። አራት ቃል አይሞላም። እኔ ግን ትንሽ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ራሱ መልስ እንዲሆን አድርጌ። ከዚያ፣

«እንግዲህ የኔታ፣ ምን ልበልዎት» አልሁ። «ማትሪክን የሚያልፉት ጥቂት ናቸው። እሷም ትደክማለች፤ ብዙ ጊዜ ከቤት አትገኝም። ከወንዶች ጋር ነው የምታጠናው።»

ቃል በቃል ከታየ አንዱም ውሸት አይደለም። ድምፄ ግን ዋሸ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ፤ የሰው ገመና ማውጣት የምታፍር ሴት መስዬ። እሳቸውም አብረውኝ አፈሩ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ተረድቻለሁ» ብለው ብድግ አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቅ ሳይዙ መጡና ልጃቸውን ይዘዋት ሄዱ። እሷ ምንም አልገባትም። «ማትሪክ እኮ ተመዝግቤያለሁ፣ አባ! ፎቶግራፍ ሁሉ ሰጥቻለሁ!» እያለች አለቀሰች። አባቷ ልብሷን መጠቅለል ጀመሩ። እናቴ ብትለምን፣ «ለሷው ብዬ ነው፣ እመቤቴ» ብቻ አሏት። እኔ መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ሳስገባላት አቀፈችኝና አንገቴ ላይ አለቀሰች። እኔም አቀፍኋት።

ክፍሌ ተመለሰችልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የቀለም ጠብታ ነበረች፤ ለማጥፋት ፈትጌ አቃተኝ። እናቴ አዳራሽ መሄዷን አልተወችም፤ ነገር ግን አዲሷን አስተማሪ አልለመደቻትም። ደብተሯን ከፍታ ትቀመጥና፣ «ያቺ ልጅ ምን ሆና ይሆን?» ትላለች። ስላሸነፍሁ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም። ይልቅስ እዚያ ሳትኖር ከበፊቱ የበለጠ ቀናሁባት፤ ለምን ቢሉ፣ እኔ ትምህርት ሳቋርጥ እንዲህ ያዘነልኝ ሰው አላየሁም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት አንድ መምህር በራችንን አንኳኩ። አወቅኋቸው፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የአሥራ ሁለተኛ ሆነዋል። መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። ትምህርት ቤቱ፣ ሳያስታውቅ የቀረን ተማሪ ሁሉ የክፍል ኃላፊው ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲጠይቅ ወስኗል አሉ። ከሚዞሩባቸው ደጃፎች አንዱ የእኛ ነው።

«ሁለት ወር ሊሞላት ነው» አሉ። «እንደዚች ያለች ልጅ ስትቀር ዝም አይባልም። ምን አጋጥሟት ነው?»

እናቴ የጋብቻውን ነገር ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ያበጠው ነገር ፈነዳብኝ።

«ለእሷ እንዲህ እግርዎ እስኪቀጥን ይፈልጓታል» አልሁ። «ለእኔ ማን መጣ? ለእኔስ?»

መምህሩ አዩኝ። ቀስ ብለው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«መጥቻለሁ እኮ» አሉ። «ሁለት ጊዜ። አንደኛው ጊዜ እንዲያውም ዝናብ ነበር። እናትሽን ነው ያገኘኋቸው። በማታው ክፍል እንድትቀጥዪ ፎርሙን ሰጥቻቸው ሄጃለሁ። አልነገሩሽም?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ። «ፋብሪካ ውለሽ ማታ ብትማሪ ትታመሚብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አባትሽን ቀብሬ ገና እንባዬ ሳይደርቅ። ወረቀቱን ማንበብ እንኳ አልችልም ነበር። ከአልጋው ሥር አደረግሁት፤ ኋላም ሳጸዳ እሳት ውስጥ ጣልሁት።»

ልጮህባት ፈልጌ ነበር። ግን ምን ብዬ ልጩህ? እሷ አንዲት ወረቀት በፍርሃት ደበቀች፤ እኔ አንዲት እውነት በቅናት ደብቄያለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እዚያው፣ እናቴም መምህሩም እየሰሙ፣ መሪጌታ የጠየቁኝንና እኔ የመለስሁትን አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ።

መምህሩ አልተቆጡኝም። «ሠርጉ መቼ ነው?» ብቻ አሉ።

«ከጥምቀት በኋላ» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ቀን አለሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ ስደርስ አንዱም አልታወሰኝም። መሪጌታ ቡና ተክሉ መሐል ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ብራና ያለሰልሳሉ። እሷ ከጓዳ ወጣች፤ ስታየኝ በደስታ ሮጣ ልትስመኝ ስትል እጄን አንሥቼ አስቆምኋት።

«መጀመሪያ ስሙኝ» አልሁ። «የኔታ፣ ያን ዕለት የነገርሁዎት እውነት አይደለም። ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። አብረዋት የሚያጠኑት ልጆች ከእሷ ለመማር የሚመጡ ናቸው። እኔ ክፉ ነገር እንዲያስቡ ብዬ ነው እንደዚያ የተናገርሁት። አስተማሪዋም ሊፈልጓት መጥተዋል፤ አሁን ብትመለስ ለማትሪክ ትደርሳለች ብለዋል።»

ብራናውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«አንቺን ብቻ አልወቅስም» አሉ። «እኔም ሄጄ አስተማሪዋን መጠየቅ እችል ነበር። ልቤ ወደ ዲያቆኑ ስላዘነበለ የፈለግሁትን ቃል ካንቺ አፍ ወሰድሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ሳልጠይቅሽ ነው የወሰንሁት።»

«ፈተናውን ልፈተን፣ አባ። ከወደቅሁ ያሉኝን እሆናለሁ።»

«ዲያቆኑ አይጠብቅም።»

«አይጠብቅ።»

አባትየው ተነሥተው ቤት ገቡ። ቃል ከሰጡት ሰው ደጅ ሄደው ቃላቸውን ማጠፍ ለእሳቸው ምን ያህል ውርደት እንደ ነበረ ያኔ አልተረዳሁም። እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን።

«ለምን?» አለችኝ።

«ቀናሁብሽ።»

«በምኔ? እኔ እኮ ሰው ቤት ተከራይቼ፣ ድርቆሽ እየበላሁ...»

«በሁሉ ነገርሽ። በቀሚሱ። በእናቴ።»

«ቀሚሱን አልቀበልም ብያቸው ነበር» አለች። «እሳቸው ናቸው ‹ልጄ ደስ ይላታል› ያሉኝ። አንድ ቃል ብትነግሪኝ አውልቄ እሰጥሽ ነበር።» ድምፅዋ አልጮኸም። እንዲጮኽ ተመኘሁ። ወደ ጀልባው ስወርድ አልሸኘችኝም።

በሳምንቱ ተመለሰች፤ ወደዚያችው ክፍል። ያመለጣትን መምህሩና እነዚያ ሦስት ወንዶች እየተጋገዙ አስያዟት። ከእኔ ጋር «ደህና አደርሽ»፣ «ደህና ዋልሽ» ካልሆነ በቀር አትነጋገርም። እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አላስጨነቅኋትም። ጠዋት ጠዋት እንደ ዱሮው ከኋላዋ እሄዳለሁ። ከሠራሁት ሁሉ በኋላ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። እንዲያውም አሁን ደግሞ ጥሩነቷን ጨምሮ ቆጠረብኝ።

ማትሪክ አለፈች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የሄደች ዕለት ሁላችንም መናኸሪያ ሸኘናት፤ እናቴ፣ አባቷ፣ እኅቶቼ። ሻንጣዋን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብላ፣

«መምህሩ ስላንቺ ጠየቁኝ» አለችኝ። «የማታው ምዝገባ እስከ ዓርብ ነው። ካልሄድሽ ያን ሁሉ ያደረግሽው ለምኑም ሳይሆን ነው የሚቀር።»

ይህ ቁጣ ይሁን ምክር አላወቅሁም። አውቶቡሱ ሄደ። አባቷ እናቴን ደግፈው ወደ ቤት ወሰዷት፤ እኔ ግን በሌላ መንገድ ሄድሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም። ጥርሴን አመመኝ። የትምህርት ቤቱን በር ስገባ በጸጸት አልነበረም፤ ለዕውቀት ፍቅርም አልነበረም። እሷ እየሄደች እኔ መቆሜን መታገሥ አቅቶኝ ነው። መዝጋቢዋ ያቋረጥሁበትን ክፍል ጠየቀችኝ፤ «አሥረኛ» አልሁ፤ ጻፈች።

በቀላሉ አልሆነም። የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ትምህርቱ ያመልጠኛል። አብራኝ ክር የምታጠነጥን አንዲት ሴት፣ አራት ልጆች እያሏት፣ ፈረቃዋን ከእኔ ጋር እየቀያየረች ሦስት ዓመት አሳለፈችኝ። ከእኛ ጋር ከጀመሩት ሴቶች ግማሾቹ በመሐል ቀሩ፤ አንዷ አረገዘች፣ አንዷን ባሏ ከለከላት፣ አንዷ እንዲሁ ደከማት። የቀረችውን ሁሉ መምህራኑ ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዷ ትመለሳለች። እናቴ ያን ጊዜ ማንበብ ችላ ስለ ነበር የታሪክ ደብተሬን እያየች ትጠይቀኛለች፤ ስሳሳት ትቆጣለች። «አንቺም ትቸኩያለሽ» አልኋት አንድ ቀን፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ማትሪክን በመጀመሪያው አልሆነልኝም። በሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ባይመጣልኝም እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ በማታው ክፍል ለዲፕሎማ ተቀበሉኝ። እሷ በዚያው ዓመት ተመርቃ ሥራ ይዛ ነበር። ዜናውን የነገሩን አባቷ ናቸው። «እሰይ» አልሁ፤ ከልቤ ነው። ደረቴ ውስጥ ግን ያ የማውቀው ነገር ቆነጠጠኝ።

ኮሌጅ የገባሁ ዕለት ከፋብሪካ በቀጥታ ስለ ሄድሁ ጸጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረበት። የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት ስገባ አየችኝና መምህሯ መስያት ብድግ አለች። ከኋላዋ ያሉትም አይተው ተነሡ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አልሁ እጄን እያወዛወዝሁ። «እኔም ተማሪ ነኝ።»

እነሱ ሳቁ። እኔ ከልጅቱ አጠገብ ባዶ ቦታ አገኘሁና ደብተሬን አወጣሁ።